በርሊን ለመማር ለምትሄጂው እህታችን፦ ከሻንጣው በፊት አድራሻው

ጥያቄሽ ይህ ነበር፦ ለማስተርስ በርሊን ተቀብለውሻል፣ ቪዛሽ ወጥቷል፣ ከመስቀል ማግስት ትበሪያለሽ፣ ለሰባት ሌሊት ሆስቴል ይዘሻል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በምን ቅደም ተከተል ላሳልፍ፣ ምን ያህል ገንዘብ በእጄ ልያዝ፣ ከዚህስ ምን ልሸከም ነው ያልሽው። ሦስቱንም እመልሳለሁ። ግን ከሦስቱ የሚቀድም ያልጠየቅሽው ነገር አለ፤ ስምሽ የሚመዘገብበት ቤት የትኛው ነው? ሆስቴሉ ለዚህ እንደማይሆንሽ ከወዲሁ እወቂው። ሌላው ሁሉ፣ የገዛ ገንዘብሽም ጭምር፣ እዚህ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

እዚህ አዲስ አበባ የቤት ቁጥር ቢኖረንም ማንም አይጠራበትም። “ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስትወርጂ፣ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለው ሰማያዊ በር” ብለን እንግባባለን። ፖስታ የሚመጣለት ሰውም ፖስታ ቤት ሳጥን የተከራየ ነው። ጀርመን ግን ባንኩም፣ የጤና መድኑም፣ ግብር ቢሮውም፣ ዩኒቨርሲቲውም የሚያገኙሽ ቤትሽ በሚመጣ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚጀመረው በነዋሪነት ምዝገባ ነው፤ አንሜልዱንግ ይባላል። ሕጉ ቤት በገባሽ በ14 ቀን ውስጥ ተመዝገቢ ይላል። ስትመዘገቢ የሚሰጡሽ ወረቀት አንሜልደበሽቴቲጉንግ፣ የምዝገባ ማረጋገጫ፣ ነው። ያቺን ይዘሽ ባንክ ሂሳብ ትከፍቻለሽ፤ የባንክ ሂሳቡ ሲከፈት በብሎክድ አካውንት፣ ለቪዛው ብለሽ ባስገባሽው ዝግ ሂሳብ፣ የተቀመጠው ገንዘብሽ በየወሩ መልቀቅ ይጀምራል፤ በምዝገባው ምክንያት የግብር መለያ ቁጥርሽ በፖስታ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ሥራ ስትይዥ ይጠየቃል፤ መጨረሻ ላይ የመኖሪያ ፈቃድ ስታመለክቺም ያው ወረቀት ይፈለጋል። አንዱ ከዘገየ የኋላው ሁሉ ይዘገያል።

ለምዝገባው የሚያስፈልገው ፓስፖርትሽ፣ የተሞላው ፎርምና አከራይሽ የሚፈርምልሽ አንድ ገጽ ማረጋገጫ ነው። ማረጋገጫው ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ ይባላል። የኪራይ ውል ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ይመልሱሻል። ቤቱን ከዋናው ተከራይ ላይ የተከራየሽ ከሆነ ዋናው ተከራይ ሊፈርምልሽ ይችላል፤ የግድ የሕንፃው ባለቤት መሆን የለበትም። ስለዚህ ክፍል ስትፈልጊ ከዋጋው ቀድመሽ የምትጠይቂው “አንሜልዱንግ ይቻላል ወይ?” የሚለውን ነው። “አይቻልም” ያለሽ ሰው ቤቱን ለአከራይነት ያልተፈቀደለት ወይም ስምሽ መዝገብ ላይ እንዲገባ የማይፈልግ ነው። ሌላ አማራጭ ካጣሽ ለሁለት ሳምንት ማረፊያ ያገለግልሽ ይሆናል፣ ለስድስት ወር ግን አትፈርሚ። በክፍያ አድራሻ እንስጥሽ የሚሉም ያጋጥሙሻል። በማትኖሪበት ቤት መመዝገብ በሕግ ያስቀጣል፣ ደብዳቤሽም የማታውቂው ሰው እጅ ይገባል። አትሞክሪው።

ከአሁኑ ጀምሮ እስክትበሪ ያለውን ጊዜ ለዚህ ስጪው። የበርሊን የተማሪዎች አገልግሎት የሚያስተዳድራቸው ማደሪያዎች ርካሽና አስተማማኝ ናቸው፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው፤ ዛሬውኑ ተመዝገቢ፣ ለሁለተኛው ሴሚስተር እንኳ ቢደርስሽ ጥሩ ነው። እስከዚያ ዝቪሸንሚተ የሚባለውን ፈልጊ፤ ለሦስት ወይም ለስድስት ወር ከከተማው የሚወጣ ተማሪ ዕቃውን ሳያወጣ ክፍሉን የሚያከራይበት ነው። ዕቃ ስለማትገዢ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ የተሻለ የለም።

ኪራይ ላይ ሁለት ቃል ለይተሽ እወቂ። ካልትሚተ የቤቱ ኪራይ ብቻ ነው፤ ቫርምሚተ ማሞቂያና የጋራ ወጪ ተጨምሮበት ነው። 450 የሚል ማስታወቂያ የትኛው እንደሆነ ካልጠየቅሽ በወሩ መጨረሻ 580 ሊሆንብሽ ይችላል። መብራትና ኢንተርኔት ውስጡ መኖራቸውንም ለብቻው ጠይቂ። መያዣው፣ እነሱ ካውጺዮን የሚሉት፣ በሕግ ከሦስት ወር ካልትሚተ መብለጥ አይችልም፤ በሦስት ወር ከፋፍለሽ የመስጠት መብትም አለሽ። አከራዮች ሹፋ የሚባል የብድር ታሪክ ማስረጃ ይጠይቃሉ። አዲስ ገቢ ስለሆንሽ የለሽም፤ በሱ ፋንታ የብሎክድ አካውንቱን ማረጋገጫና የዩኒቨርሲቲውን የመቀበያ ደብዳቤ አያይዢ።

ማታለያው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ፎቶው ያማረ፣ ዋጋው ከሰፈሩ የወረደ፣ ባለቤቱ “ለሥራ ሌላ አገር ነኝ፣ መያዣውን ላኪና ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ” የሚል። ካሜራ ከፍቶ ቤቱን ከውጭ በር እስከ መታጠቢያ ቤት ላላሳየሽ ሰው አንድ ሳንቲም አትላኪ። በርሊን የሚኖር የምታምኚው ሰው ካለ ሄዶ ይይልሽ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰውም ይሁን፣ የክፍል ጓደኛሽ ዘመድም ይሁን። ለዚህ ሰው ማስቸገር ነውር አይደለም።

የምዝገባው ቀጠሮ ራሱ በርሊን ውስጥ ችግር ነው። ቢሮው ቢዩርገርአምት ይባላል፣ በየክፍለ ከተማው አለ፣ ቀጠሮውም በከተማው ድረ ገጽ ነው የሚያዘው። ብዙዎች ለሰፈራቸው ቅርብ የሆነውን ብቻ እያዩ “ቀጠሮ የለም” ይላሉ። በርሊን ውስጥ በየትኛውም ቢዩርገርአምት መመዝገብ ትችያለሽ፤ ስትፈልጊ ሁሉንም ምረጪ። ሰዎች የሰረዟቸው ቦታዎች በቀን ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ በተለይ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት፤ ገጹን ደጋግመሽ ክፈቺ። በስልክ ደግሞ 115 አለ። ቀጠሮው ከ14 ቀን ቢያልፍ አትደንግጪ፣ በጊዜ የያዝሽበትን ማረጋገጫ አስቀምጪ። የመግቢያ ቀንሽን ካወቅሽ ከአዲስ አበባ ሆነሽ መያዝ ትችያለሽ፤ እንዲያውም እንደዚያ አድርጊ።

ፎርሙ ላይ ሃይማኖት የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ ይህን ማንም ሳይነግረን ነው የምንሞላው። ጀርመን የቤተ ክርስቲያን ግብር አለ፣ በርሊን ላይ ከገቢ ግብርሽ 9 በመቶ ያህል ተጨምሮ የሚቆረጥ። የሚሰበሰበውም በዋናነት ለካቶሊክና በጀርመንኛ ኤቫንጌሊሽ ለሚባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ከሆንሽ ቤተ ክርስቲያንሽ በዚህ ግብር ውስጥ የለችም። ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ከሆንሽ ግን “ኤቫንጌሊሽ” ብሎ መጻፍ የዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ግብር ከፋይ አባል ነኝ ተብሎ ሊወሰድ ይችላል። ቦታው የሚጠይቀው እምነትሽን ሳይሆን የግብር አባልነትሽን መሆኑን አውቀሽ ሙዪው። የትንሽ ሰዓት ሥራ ላይ ላይሰማሽ ይችላል፤ ተመርቀሽ ደመወዝ ስታገኚ ነው የሚታየው።

አሁን ወደ ፖስታ ሳጥኑ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና። የጀርመን አፓርታማ በሮች አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር የላቸውም። ፖስተኛው መግቢያው ላይ የተደረደሩትን ሳጥኖች ያይና ፖስታው ላይ ያለውን ስም ይፈልጋል። ስምሽ ሳጥኑ ላይ ከሌለ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል፤ አንቺም መምጣቱን እንኳ አታውቂም። የባንክ ካርድ በአንድ ፖስታ፣ የሚስጥር ቁጥሩ በሌላ ፖስታ በሌላ ቀን ይላካል፤ አንዱ ከተመለሰ ሌላው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ቁልፍ በተቀበልሽበት ሰዓት፣ ሻንጣ ሳትፈቺ፣ ስምሽን በትልቁ በላቲን ፊደል ጽፈሽ ሳጥኑና የበር ደወሉ ላይ ለጥፊ። ግልጽ ፕላስተር ይበቃል። አከራይሽ ስም መለጠፍ ካልፈቀደ አድራሻሽን ስትሰጪ ከስምሽ ቀጥሎ “ቤይ” ብለሽ የሱን ስም ጻፊ፤ እሱ ቤት የምትኖር ማለት ነው።

የምትለጥፊው የትኛውን ስም ነው? የኛ ስም የቤተሰብ ስም የሌለው ስለሆነ እዚህም ይሳሳታሉ። ፓስፖርትሽ ላይ ሰርኔም በሚለው ቦታ የተጻፈው ነው ጀርመን የሚጠሩሽ። ዳግማዊት ከበደ ወልዴ ተብለሽ ወልዴ እዚያ ቦታ ከገባ፣ ደብዳቤው ሁሉ “ወይዘሮ ወልዴ” ብሎ ነው የሚመጣው። ሳጥኑ ላይ “ዳግማዊት” ብቻ ብትጽፊ ፖስተኛው አያገኝሽም። ዩኒቨርሲቲ፣ ባንክ፣ መድን፣ ቢዩርገርአምት፣ ሁሉም ቦታ ፓስፖርቱ እንደከፋፈለው፣ በዚያው ፊደል አጻጻፍ ሙዪ። በአንዱ ቦታ የአባትሽን ስም የቤተሰብ ስም አድርገሽ ከሞላሽ መድን ድርጅቱ በኮምፒውተር የሚልከው ማረጋገጫ ዩኒቨርሲቲው ካለው ስም ጋር ላይገጥም ይችላል፣ ምዝገባሽም ይቆማል። የልደት ቀንሽም እንደዚሁ፤ ከኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ የልደት ሰርተፊኬቱና ፓስፖርቱ ተለያይተው ከሆነ እዚህ እያለሽ አስተካክዪው።

ገንዘብ። ብሎክድ አካውንት ውስጥ ለዓመት የሚቀመጠው 11,904 ዩሮ በወር 992 ሆኖ ነው የሚለቀቀው። ይህ ማለት ከቀን አንድ ጀምሮ ገንዘብ አለሽ ማለት አይደለም። የጀርመን የባንክ ሂሳብ ቁጥር እስክታስገቢ አይለቀቅም፤ አንዳንዱ አገልግሎት ሰጪ የአድራሻ ምዝገባውንም ይጠይቃል። ከደረስሽበት ቀን እስከ መጀመሪያው 992 ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቢፈጅ የተለመደ ነው። በዚያ መሃል የመጀመሪያ ኪራይ፣ ቢያንስ የመያዣው አንድ ሦስተኛ፣ ምግብ፣ ጃኬትና ጫማ፣ የሲም ካርድ፣ ካልከፈልሽው የሴሚስተር መዋጮ አለ፤ መዋጮው በበርሊን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 300 ዩሮ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ከብሎክድ አካውንቱ ውጪ ከ1,500 እስከ 2,500 ዩሮ በእጅሽ ይኑር፤ ክፍሉ አስቀድሞ ከተያዘ የታችኛው ይበቃል፣ ካልተያዘ የላይኛውን አስቢ። ሁሉንም በጥሬው አትያዢ። ከባንክ የገዛሽበትን ወረቀት ከፓስፖርትሽ ጋር አድርጊ፣ ቦሌ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ከ500 ዩሮ በላይ አንድ ቦታ አታስቀምጪ፤ ሆስቴል ክፍል ውስጥ ደግሞ ምንም አትተዪ።

የጤና መድኑ ላይ አንድ የማይመለስ ስህተት አለ። ከ30 ዓመት በታች ከሆንሽ የተማሪ ተመን ባለው የሕዝብ መድን ትገቢያለሽ፤ በወር 145 ዩሮ አካባቢ ነው። ርካሽ የግል መድን የሚያሻሽጡ ይመጣሉ። ለግል መድን ብለሽ ከሕዝቡ መድን ነፃ ልሁን ብለሽ ከፈረምሽ በትምህርት ዘመንሽ ሙሉ ወደ ሕዝቡ መመለስ አትችይም። ያኔ በ30 ዩሮ የገዛሽው መድን እርግዝና ወይም ቀዶ ሕክምና ሲመጣ የሚሸፍነው ትንሽ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ለጉዞ የገዛሽው መድን እስክትመዘገቢ ድረስ ብቻ ነው፤ ከምትበሪበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ወር ተኩል ይዘልቅ። ሌላው ደግሞ የመድኑ ክፍያ ከሴሚስተሩ መጀመሪያ፣ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ይቆጠራል። ባንክ ሂሳብሽ ኖቬምበር ላይ ቢከፈት የሁለት ወሩን ባንዴ ይወስዳል፤ ወደ 290 ዩሮ ነው፣ አስቀምጪለት።

አዲስ አበባ ሳለሽ ከሻንጣ በፊት የምትጨርሺው ውክልና ነው። ለእናትሽ ወይም ለታመነ ሰው ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ሄደሽ ስጪ፤ ከዩኒቨርሲቲ ማስረጃ የማውጣት፣ ባንክ የማንቀሳቀስ፣ በመሥሪያ ቤቶች ስለ አንቺ የመቅረብ ሥልጣን በግልጽ ይጻፍበት። እዚህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከወጣሽ በኋላ በኤምባሲ በኩል መላላክ ይሆናል። የታሸገ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ተጨማሪ ሁለት አስወጪ። ኦሪጅናል ዲግሪሽን፣ የልደት ሰርተፊኬትሽን፣ የመቀበያ ደብዳቤሽን፣ የብሎክድ አካውንቱንና የመድኑን ማረጋገጫ በእጅ ቦርሳ ያዢ፤ ቅጂያቸውን አራት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ስካን አስደርገሽ በኢሜይልሽ አስቀምጪ።  የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥርሽን አትጣዪው። የባንክሽና የቴሌብርሽ የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በሱ ስለሆነ ሮሚንጉን ከመውጣትሽ በፊት አስከፍቺ፤ የባንክ ሂሳብሽ ከፋይዳ ቁጥርሽ ጋር መያያዙንም አረጋግጪ።

ስለ ሻንጣው፦ ቅቤ፣ ቋንጣ፣ አይብ አትያዢ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የመጣ ሥጋና የወተት ውጤት በትንሹም ቢሆን የተከለከለ ነው፣ ጉምሩክ ካገኘው ይጣላል። እናቶቻችን “ለልጄ ትንሽ ቅቤ” ሲሉ ማስቀየም ይከብዳል፤ በቅቤው ፋንታ ቅመሙን ያስይዙሽ። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽ፣ እርድ፣ ሁሉም ደርቆ። እዚያ ጨው የሌለበት ቅቤ በ250 ግራም ይሸጣል። አራቱን በዝቅተኛ እሳት አቅልጠሽ፣ አረፋውን እየገፈፍሽ፣ ቅመሙን ጨምረሽ ታነጥሪዋለሽ፤ አንድ ኪሎው ለወራት ይሄዳል። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ድርቆሽ፣ ቡና ይዘሽ ሂጂ። በርበሬውን በሁለት ፕላስቲክ አስሪ፣ ሻንጣ ውስጥ ከፈነዳ ልብስሽ አይተርፍም። ሶኬቱ ከኛው ጋር አንድ ነው፣ አስማሚ አትግዢ። ከባድ ካፖርት ከዚህ አትሸከሚ፤ እዚያ ያገለገሉ ልብሶች ሱቆች ውስጥ ለዚያ ብርድ የተሠራ በቅናሽ ታገኛለሽ። የውስጥ ሙቅ ልብስና ሁለት ሹራብ ይበቃሻል። ትኬትሽ ሁለት የተለያየ አየር መንገድ ከሆነ ደግሞ ከቦሌ የተፈቀደልሽ ኪሎ በሁለተኛው በረራ ላይ ላይፈቀድ ይችላል፤ ከመጫንሽ በፊት አረጋግጪ።

የመድረሻ ቀንሽን ማክሰኞ ወይም ረቡዕ አድርጊው። እሑድ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፣ ከትልልቅ የባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ካሉት በቀር። ኦክቶበር 3 ደግሞ የጀርመን የውሕደት ቀን ስለሆነ ሱቅም ቢሮም አይከፈትም፤ ካንቺ ጉዞ ጋር ሊገጥም ስለሚችል አስቢበት። ፓስፖርትሽ የሚፈተሸው ሼንገን፣ በአንድ ቪዛ የሚኬድባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ መጀመሪያ በምትገቢበት አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ፍራንክፈርት ከሆነ እዚያ። ምን ልትማሪ፣ የት ልታርፊ፣ ምን ገንዘብ እንዳለሽ ይጠይቁሻል፤ ፋይሉን አውጪና በአጭሩ መልሺ። የቀጣዩ በረራ ልዩነት ከሁለት ሰዓት ተኩል አይነስ። በርሊን አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ሦስት የትራንስፖርት ክልሎች (ኤ፣ ቢ፣ ሲ) በውጨኛው፣ በሲ ዞን ውስጥ ነው፣ ስለዚህ የባቡር ትኬትሽ ኤቢሲ የሚል መሆን አለበት። የወረቀት ትኬት ከገዛሽ መሳፈሪያው ላይ ባለው ትንሽ ማሽን ማህተም አስመቺበት፤ መግቢያ በር ስለሌለ ማንም የማያይ ይመስላል፣ ተቆጣጣሪው ግን በተራ ልብስ ይመጣል፤ ማህተም የሌለው ትኬት እንደሌለ ስለሚቆጠር 60 ዩሮ ነው።

ከተመዘገብሽ በኋላ ከሚመጡት ደብዳቤዎች አንዱ ሩንድፉንክባይትራግ የሚል ነው፤ የሬዲዮና ቴሌቪዥን መዋጮ፣ በወር 18.36 ዩሮ። ቴሌቪዥን የለኝም ብሎ መጣል አያድንም። የሚከፈለው በሰው ሳይሆን በቤት ስለሆነ አብረውሽ ከሚኖሩት አንዱ የሚከፍል ከሆነ የሱን የመዋጮ ቁጥር ጽፈሽ መልሺና ድርሻሽን ለሱ ስጪ። ዝም ካልሽ እየተጠራቀመ ነው የሚመጣው። በአጠቃላይ ያልገባሽን ደብዳቤ በመጣበት ቀን በስልክሽ አስተርጉሚና ቀኑን ብቻ ፈልጊ፤ እስከ መቼ መልሺ ነው የሚለው? ለአደጋ 112፣ ለፖሊስ 110፣ ሌሊት ለሚያምሽ ግን ለሕይወት ለማያሰጋ ሕመም 116117 ናቸው።

ቪዛሽ ላይ ያለውን ማብቂያ ቀን አሁኑኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢ። የመኖሪያ ፈቃዱን ከዚያ ቀን በፊት፣ ቢቻል ስድስትና ስምንት ሳምንት ቀድመሽ፣ በከተማው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ታመለክቻለሽ። በጊዜው ካመለከትሽ ውሳኔው ቢዘገይም ቆይታሽ ሕጋዊ ሆኖ ይቀጥላል፤ የላክሽበትን ማረጋገጫ አትሚው። ነገር ግን ያ ወረቀት ከአገር ወጥተሽ ለመመለስ አያገለግልም። ካርዱ ወይም ለጉዞ የሚያገለግል ጊዜያዊ የፈቃድ ወረቀት በእጅሽ ሳይገባ ለገና አዲስ አበባ እመጣለሁ ብለሽ ትኬት እንዳትቆርጪ።